ሁዳዴን ሙሉ የተነቀለው ፍሪጅ

ለውድ እህቴ ለምኞት፣

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ጀርባሽን ሰንጎ የሚይዝሽ ነገር ተወሽ ወይስ አሁንም ማይክሮስኮፑ ላይ ስትጎነበሺ ይነሳብሻል? ባለቤትሽ ሐድጉስ እንዴት ነው፣ ሳሉ ለቀቀው? ትንሹ ቃለአብስ በብስክሌት ትምህርት ቤት መሄዱን ለመደው ወይስ ገና ያኮርፋል? እዚያ ሰኔ ሲገባ ፀሐይዋ እምቢ ብላ አትጠልቅም ብለሽኝ ነበር፤ እንቅልፍሽስ እንዴት ሆነ? እባክሽ ወፍራም መጋረጃ አድርጊ። ሥራ በዛብኝ ብለሽም ምሳ አትዝለዪ። ይህን ሁሉ እሑድ እሑድ በስልክ እጠይቅሻለሁ፤ ግን መልሱን በቅጡ ሳልሰማ ወደ ሌላ ወሬ እዘላለሁና ዛሬ ከልቤ ልጠይቅሽ ብዬ ነው።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ልጀምርልሽ ነበር። ይህን ወረቀት ያነሳሁት ግን ላልዋሽበት ስለሆነ ያንን ትቼዋለሁ። እማዬ ደህና ናት፤ የሚያስቸግራት ጉልበቷ ብቻ ነው። የእሷ ራስ ምታት እንደሆነ በስተርጅና ትቷት ሄዷል፤ ሻሽ አጥብቃ ማሰሯን ግን አልተወችም። ባለቤቴ አባይነህ ወፍጮ ቤቱ ይውላል፣ ቅንድቡ ሳይቀር በርበሬ ለብሶ ይመጣል። ሰፈራችን አንቺ ካየሽው በኋላ ብዙ ተለውጧል፤ ከእኛ በታች ያሉት ቤቶች ተነስተው መንገዱ ሰፍቷል። የበርበሬና የሽሮ ሱቃችን ግን ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ እንደ ድሮው አለ። አዲሶቹ የመንገድ መብራቶች ያምራሉ፤ ለእኔ ዓይን ግን አልሆኑም። ስለ ልጄ ስለ እየሩስ ቆይቼ እጽፍልሻለሁ፤ የዚህ ደብዳቤ ዋናው ነገር እሷ ናትና።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። በስልክ የማልችለው ነገር ስለሆነ ነው። አየር መንገድ የምትሠራው የጎረቤታችን የኡመር ልጅ ሰልዋ ሐሙስ ወደ ኮፐንሀገን በረራ አላትና በእሷ እጅ እልከዋለሁ። ተቀምጠሽ አንብቢው። ሳትጨርሺውም እንዳትደውዪልኝ።

ምኞት፣ እኔ እቀናብሻለሁ። ይኸው ጻፍሁት። ሌላ ስም ልሰጠው ሞክሬ ነበር፤ ድካም ነው፣ የሥራ ብዛት ነው፣ ጠባዬን ያበላሸው ራስ ምታቱ ነው እያልሁ ብዙ ዓመት ቆየሁ። አይደለም። ቅናት ነው። ከየት እንደጀመረም በደንብ አውቀዋለሁ።

አንቺ ስምንት ዓመትሽ ነበር፣ እኔ ዐሥራ አራት። ከእማዬ ጋር ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ዛላ በርበሬ ስንቀነጥስ ዓይንሽን በእጅሽ አሸሽው። ጩኸትሽ እስከ ድልድዩ ተሰማ። እማዬ ዓይንሽን በወተት ስታጥብ፣ በነጠላዋ ስታራግብልሽ ቆየችና ከዛሬ ጀምሮ ምኞት በርበሬ አትነካም ብላ አወጀች። አንቺ ደብተርሽን ይዘሽ ገባሽ፣ የአንቺ ድርሻ ወደ እኔ ሰፌድ ተገለበጠ። እኔም እኮ ዓይኔን አሽቼ አውቃለሁ። ለእኔ የተባለው «ታጠቢና ነይ» ነው።

ራስ ምታቱም የጀመረኝ በዚያው ዓመት ነው። ግማሽ ራሴን ይዞ፣ ዓይኔ ሥር እየወቃ፣ ብርሃን ባየሁ ቁጥር እያቅለሸለሸኝ። በመጀመሪያ ምች ነው ተባለና ዳማከሴ ታሸልኝ። ቀጥሎ ጠበል ተወሰድሁ። ኋላ ላይ ከእናቷ የመጣ ነው ተብሎ ሻሽ ተገዛልኝ፤ ያው ውርሴ መሆኑ ነው። አንቺን ግን አንድ ቀን እንኳ አሞሽ አያውቅም። ራስ ምታቱን እኔ ወረስሁ፣ ዶክትሬቱን አንቺ ወሰድሽ። ከቴሌቪዥኑ በላይ የተሰቀለው ፎቶ የአንቺ ነው፤ ጥቁር ቆብ አድርገሽ፣ ጥርስሽን ብልጭ አድርገሽ። እማዬ ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ ውሃ ሳይቀርብለት በፊት «ልጄ የራስ ምታት ዶክተር ናት» የሚለውን ይሰማል። የራስ ምታቱ ባለቤት ውሃውን ይዤ ከኋላ እቆማለሁ።

ባለፈው ኅዳር የሆነውን ደግሞ አንቺም አታውቂውም። ክፍሉን አጨልሜ፣ ባልዲ አጠገቤ አድርጌ ተኝቼ ነበር። እማዬ ከግድግዳው ማዶ ላንቺ ደወለች። እኔን ምን ይሰማሻል ብላ ሳትጠይቀኝ፣ አንቺን ሰርኬ ምን እየተሰማት ነው ብላ ጠየቀችሽ። አንቺም ነገርሻት። መጥታ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ከዓይንሽ በስተጀርባ እየወቃሽ ነው፣ ሽታም ይረብሽሻል፣ ምኞት ነግራኛለች አለችኝ። ሕመሜን ከኮፐንሀገን ሰማሁት ማለት ነው። ያን ቀን አልቅሻለሁ፤ እማዬ ሕመሙ የጸናብኝ መስሏት ተጨማሪ ትራስ አመጣችልኝ።

ስለ ሥራሽ ሱቅ ውስጥ ሆኜ በስልክ ያስረዳሽኝን ታስታውሻለሽ? ስልኩን ድምፁን ከፍቼ ባንኮኒው ላይ አስቀምጬው ነበር፣ ኡመርም ጨርቅ መለካቱን ትቶ ከጎን ሱቁ ያዳምጥ ነበር። ነርቭ ሕመምን ተቀብሎ ወደ አንጎል የሚያደርስ ብቻ አይደለም አልሽ፤ ከጫፉ የሚለቃቸው ጥቃቅን መልእክተኞች አሉት፣ ኒውሮፔፕታይድ ይባላሉ አልሽ። ከፊትና ከግንባር የሚመጣው ትልቁ ነርቭ ሲቀሰቀስ በአንጎል ሽፋን ላይ እነዚህን ይለቃል፤ የደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ አካባቢው ይቆጣል፣ የተቆረጠ ወይም የተመታ ነገር ሳይኖር ቁስል ላይ እንደሚነሳው ያለ ብግነት ይነሳል አልሽ። በርበሬ ቆዳ ሲነካ የሚያቀላውም በዚያው መንገድ ነው ብለሽ፣ እዚያ በፈቃደኞች ክንድ ላይ የበርበሬን ማቃጠያ ቀብታችሁ ቅላቱን በብርሃን እንደምትለኩ አጫወትሽን። መልእክተኛውን የሚያግድ መድኃኒት የወሰደ ሰው ክንድ ያን ያህል አይቀላም አልሽን። ኡመር ይህን ሲሰማ፣ ሰርክአዲስ አንቺማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የኖርሽው፣ የቀረሽ ነጭ ጋወን ብቻ ነው ብሎ አሳቀን። ያኔ ሳቅሁ። ወደ ቤት ስሄድ ግን እጄን አየሁት፤ ማንም ለክቶት አያውቅም።

ከነገርሽኝ ሁሉ ያልረሳሁት የሁለቱን ነገር ነው። በአንድ ነርቭ ጫፍ ውስጥ ሁለት መልእክተኞች አብረው ይኖራሉ፣ አብረውም ይለቀቃሉ አልሽኝ። ቀድማ የተገኘችው ሰብስታንስ ፒ ናት። ሲጂአርፒ የምትባለው ከእሷ ብዙ ዓመት ዘግይታ የተገኘች ታናሽ ናት። ድሮ ጥፋቱ የታላቋ ነው ተብሎ እሷን የሚያግድ መድኃኒት ተሠራ፤ ሚግሬን የሚባለው የእኔ ዓይነቱ ራስ ምታት ግን አልቆመም። ፊታቸውን ወደ ታናሿ ሲያዞሩና እሷን ሲያግዱ የብዙ ሰው ሕመም ቀለለ። ከዚያ ወዲህ ስብሰባውም መድኃኒቱም በታናሿ ስም ሆነ። አንቺ ይህን የነገርሽኝ እንደ ትምህርት ነው። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ፣ ደንበኛ ግማሽ ኪሎ ሚጥሚጣ ሲጠይቀኝ ሽሮ እየመዘንሁለት፣ ታላቋስ የት ደረሰች እያልሁ ዋልሁ። ከሳቅሽም ሳቂ፤ እኔ ግን የምሬን ነው።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልሁት እየሩስን ነው። ልጄ ካንቺ ጋር በቪዲዮ ስታወራ በር ትዘጋለች። ሳቋን ከውጭ ሆኜ እሰማለሁ። እኔ ውሃ ጠጪ ስላት አትሰማኝም፤ አንቺ ውሃ ጠጪ ስትያት ጠርሙስ ገዛች። ፀጉሯን እንዳንቺ አሳጠረች። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰች ወደዚያ ልትወስጃት የምትመካከሩ መስሎኝ ነበር። አንድ ልጅ ነው ያለችኝ፤ እሷም ስታድግ አንቺን ልትሆን ስትጣደፍ ሳይ ውስጤ ይቃጠል ነበር።

እንግዲህ ወደ ላክሽልኝ መርፌዎች ልምጣ። በእኛ ቤት ቅበላ ማታ ፍሪጁ እንደሚነቀል ታውቂያለሽ። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ባዶ ሳጥን ምን አደርግ ብሎ መብራት ይበላል ብላ እማዬ ከድሮ ጀምሮ ያመጣችው ሥርዓት ነው። በሩ እንዳይሸት በታጠፈ ጨርቅ ገርበብ ይደረጋል፣ ውስጡ እስከ ፋሲካ የሽሮና የምስር መደርደሪያ ይሆናል። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ነበርና ሰልዋ ጾሟን እንዳለች ከበረራ በቀጥታ ሱቅ መጣች። ካርቶኑን ከበረዶ ከረጢቱ አውጥታ፣ እትዬ ሰርኬ አሁኑኑ ፍሪጅ ያስገቡት፣ ምኞት ሦስት ጊዜ አስምላኛለች አለችኝ። ያቺን ታናሽ መልእክተኛ የሚያግዱ፣ ብዕር የሚመስሉ ሦስት መርፌዎች፤ በወር አንድ። ሐኪም ሳታማክሪ እንዳትጀምሪ፣ የምታውቃቸውን ሐኪም አነጋግሬልሻለሁ ብለሽ ስልክ ቁጥራቸውን ጽፈሽ ነበር። ከሥር ደግሞ «እታለም፣ የሠራሁት ሁሉ ላንቺ ነው» ብለሽ ጨመርሽ።

ያቺን መስመር ባትጽፊያት ኖሮ ምናልባት ሌላ ነገር አደርግ ነበር። ለእኔ? መቼ ጠየቅሁሽ? እኔ በጨለማ ተኝቼ ያሳለፍኋቸው ቀናት ላንቺ ሥራ ሆኑሽ፣ አሁን ደግሞ ስጦታ አድርገሽ መለስሽልኝ፣ አሁንም አመስጋኟ እኔ ልሆን ነው ብዬ ተናደድሁ። ቤት ገብቼ ካርቶኑን ፍሪጁ ውስጥ፣ ከሽሮው ከረጢት ኋላ አስገባሁት። በሩን ስመልሰው ገመዱ ተጠቅልሎ ከላይ ተቀምጦ አይቼዋለሁ። ረስቼ ነው ብልሽ ይቀለኝ ነበር። አልረሳሁም።

እሑድ ስትደውዪ ፍሪጅ ውስጥ ነው አልሁሽ። ውሸት አልነበረም፣ እውነትም አልነበረም። በሚቀጥለው ሳምንት ሐኪሙን አነጋግሬ የመጀመሪያውን ተወጋሁ አልሁሽ፤ ይሄ ጥርት ያለ ውሸት ነው። አንቺ ደስታሽን መደበቅ አቅቶሽ ስንት ቀን አመመሽ፣ ብርሃኑስ እንዴት ነው እያልሽ ትጠይቂኝ ነበር። በዚያ ጾም ራሴ ጨርሶ አልተወኝም። አንድ ቀን ከአራት ኪሎ ስመለስ ሻሼን አጥብቄ አስሬ ታክሲ ስሳፈር ረዳቱ፣ ማዘር ጭንቅላትሽ ሊያመልጥሽ ነው እንዴ እንዲህ የታሰረው ብሎ መኪናውን ሙሉ አሳቀብኝ። መድኃኒቱ እቤት ተቀምጦ እኔ እዚያ መቀመጤን ሳስብ እልህ እንጂ ጸጸት አልተሰማኝም፤ ይህን ነው እንድታውቂልኝ የምፈልገው።

የሆሳዕና ዕለት ስትደውዪ ሁለተኛውንም ተወግቻለሁ፣ ምንም አልለወጠልኝም፣ ውሃ ነው አልሁሽ። ከዚያ ድምፅሽ ተሰብሮ፣ እታለም ይቅርታ፣ የማይሠራላቸው ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፣ አንቺ ከእነሱ ትሆኛለሽ ብዬ ግን አላሰብሁም አልሽኝ። ምኞት፣ ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የማታውቂው ነገር ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ። እየሩስ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራ ትሠራ ነበር። ስልኩን ዘግቼ፣ የአክስትሽ መድኃኒት ይኸው፣ እኛ ከዚህ ነገር ጋር ተወልደናል ከዚሁ ጋር እንሞታለን አልኋት። መጽሐፏን ዘግታ ወጣች። ለአክስቷ አዝና መሰለኝና እሱም ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ሹር ጠዋት ነው የተጋለጥሁት። ካህናቱ ቄጠማ አድለው ሄደዋል፤ እማዬ ቄጠማውን በሻሿ ላይ አስራ ተቀምጣለች። ለፋሲካ ሥጋ ማስገቢያ ፍሪጁ ሊሰካ ስለሆነ እየሩስ ሽሮውን አውጪና ወልውዪው ተባለች። እኔ ከሱቅ ስገባ ዱካ ላይ ተቀምጣ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ አገኘኋት። ሦስቱም አልተከፈቱም። የሚያብራራውን ወረቀት አንብባ ጨርሳለች፤ ከቅዝቃዜ ውጭ ከጥቂት ቀናት በላይ መቆየት እንደሌለበት ተጽፎበታል። መርፌዎቹ ደግሞ ከስድስት ሳምንት በላይ ቆይተዋል። የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር። ቀስ ብላ፣ እኔ እኮ ስጠብቅሽ ነበር አለችኝ።

ምን እንደጠበቀች ነገረችኝ። ከታኅሣሥ ጀምሮ እሷንም ይዟታል። ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ግማሹ ይጠፋባታል፣ ዓይኗ ፊት የተሰባበረ መስታወት የመሰለ ነገር ያብለጨልጫል፣ ከዚያ ግማሽ ራሷን ይይዛታል። ለማንም አልተናገረችም። እኔ እንዳልደነግጥ፣ አንቺም እንዳትጨነቂ ብላ ከፋርማሲ ማስታገሻ እየገዛች በእርሳስ መያዣዋ ውስጥ ትደብቅ ነበር፤ ወደ መጨረሻው በየቀኑ ማለት ይቻላል ትውጥ ነበር። እናንተ በር ዘግታችሁ ስትስቁ ስለ ዴንማርክ የምትመካከሩ መስሎኝ ነበር፤ ባዮሎጂ ነው የምታስጠኚያት። መርፌው ሲመጣ፣ ለእናቴ ከሠራ ለእኔም ይሠራል፣ ያኔ እነግራቸዋለሁ ብላ ወሰነች። ለዚህ ነው በየቀኑ ፊቴን ስታይ የነበረው። የሆሳዕና ዕለት ውሃ ነው ስል የሰማችው እንግዲህ ስለ ራሷ ነው። ከዚያ በኋላ ተስፋ ቆርጬ ነበር አለችኝ። ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነው ምኞት። ተስፋ ቆርጬ ነበር አለችኝ።

እማዬ ሁሉንም ሰምታለች። ተነስታ ገመዱን ፈትታ ፍሪጁን ራሷ ሰካችው። ፋሲካን እንዴት እንደዋልን አልጽፍልሽም።

የፋሲካ ሳምንት እንዳለፈ ልጄን ይዤ ከቴዎድሮስ አደባባይ አለፍ ብሎ ወዳለ ክሊኒክ ሄድሁ። ዶክተሯ ማስታገሻ ሲበዛ እሱ ራሱ ራስ ምታት እንደሚያመጣ ነገረችንና በእሷ ክትትል እንድታቆም፣ በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ ኪኒን እንድትጀምር፣ ምግብና እንቅልፍ እንዳትዘል አዘዘችላት። እየሩስ ስለ ሲጂአርፒ ስትጠይቃት ዶክተሯ ተገርማ ይህን ማን አስተማረሽ አለቻት። አክስቴ አለች። እዚያ ወንበር ላይ፣ በዚያ ሰዓት እንኳ፣ ቀናሁ። ከዚያ ዶክተሯ ወደ እኔ ዞራ፣ እርስዎን እንዴት ነው የሚጀምርዎት ብላ ጠየቀችኝ። ማዛጋቱን፣ ከአንድ ቀን በፊት ጣፋጭ የሚያሰኘኝን፣ አንገቴን ቀድሞ የሚይዘኝን፣ በርበሬ ሲታመስ ሽታው ሕመሙን ከሩቅ የሚጠራብኝን፣ ምሳ ከዘለልሁ የሚቀጣኝን ሁሉ ነገርኋት። ብዙ አወራሁ። ዶክተሯ ትጽፍ ነበር። እየሩስ አፏን ከፍታ ስትሰማኝ ቆይታ፣ እኔም ከመጀመሩ በፊት አዛጋለሁ፣ ምልክት መሆኑን አላውቅም ነበር አለች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስለዚህ ነገር የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ ሰው ዶክተሯ ናት። አንቺ ስንት ቀን አመመሽ ትይኝ ነበር፤ እንዴት ነው ብለሽኝ ግን አታውቂም። ይህን ስወቅስሽ ደግሞ የራሴን ጥፋት ለመሸፈን እንዳይመስልብኝ ፈርቼ ነበር፤ ግን እውነት ስለሆነ ጻፍሁት።

አሁን እየሩስ ተሽሏታል። ጨርሶ አልተዋትም፤ ባለፈው ወር አራት ቀን ብቻ ነው የያዛት። ፈተናው ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። የንስሐ አባታችንም እስክትፈተን ድረስ ከጾም ፈትተዋታል።

ይህን ሁሉ ለምን እንደጻፍሁልሽ ታውቂያለሽ። መድኃኒቱ አልሠራም ያልሁሽ ውሸት ነው፤ አልተወጋሁትም። እዚያ ለሥራ ባልደረቦችሽ «ለእህቴ አልሠራላትም» ብለሽ ነግረሻቸው ከሆነ መልሰሽ ንገሪያቸው። እንድታምኚኝ ሦስቱን መርፌዎች እንደታሸጉ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያቸዋለሁ። እዚያው ጣያቸው። አብሮ የሚመጣው በርበሬ የቤታችን ነው፣ እኔና እየሩስ ቀንጥሰነዋል። ከተናዘዝሁ አይቀር፣ ላለፉት ሁለት ዓመታት «ከእማዬ እጅ» እያልሁ የላክሁልሽ የሱቅ ነበር፣ ያውም ሁለተኛ ደረጃው። አንቺ እንደ እማዬ በርበሬ የሚሆን የለም እያልሽ ስታመሰግኚ ከአባይነህ ጋር እንስቅ ነበር።

ቅናቱ አለፈ ብዬ አልዋሽሽም። ትናንት እንኳ እየሩስ ስልክ ይዛ ስትስቅ ጆሮዬን ጥዬ ነበር። ግን አንድ ነገር እለምንሻለሁ፤ ስታስጠኚያት በሩን ከፍታ ታውራሽ። እኔም እዚያው ሽንኩርቴን እየከተፍሁ ልስማ። ሌላ መርፌ ላኪልኝ ለማለት አፍ የለኝም። ዶክተሯ ግን እዚህ በቀላሉ አይገኝም፣ ከመጣልዎት ይጀምሩት ብላኛለች። ከላክሽ እወጋዋለሁ፤ እየሩስ ፊት እወጋዋለሁ። ሠራም አልሠራም የሚሰማኝን እንዳለ እነግራታለሁ፣ ቀጥሎ ላንቺ።

ለሐድጉ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ሳሉን በዝንጅብልና በማር ይሞክረው። ቃለአብን በሁለቱም ጉንጩ ሳሚልኝ፤ አክስቱ ብስክሌት መንዳት እንደማትችልና እንደምትቀናበት ንገሪው። እማዬ ጉልበቷን ይዛ ሰላም ትልሻለች፤ ፎቶሽን ትናንት አውርዳ ወልውላ መልሳ ሰቅላዋለች። አባይነህ ሰላም ብሎሻል፣ በበርበሬው ጉዳይ እኔ የለሁበትም በይልኝ ብሏል፤ አለበት። ኡመር ጨርቁን እየለካ ሰላም ይልሻል። እየሩስ ለብቻዋ ጽፋልሻለች፣ አልከፈትሁትም።

የሐዋርያት ጾም ትናንት ገብቷል። እማዬ እንደ ልማዷ ፍሪጁን ልትነቅል ስትነሳ ተይው አልኋት። የእየሩስ ወተትና እንቁላል ከታች አለ። የላይኛውን መደርደሪያ ወልውዬ ባዶውን ትቼዋለሁ፤ ዛሬ ጠዋት እማዬ የምስር ሳህን ይዛ መጥታ በሩን ከፈተችና አየችው፣ ሳህኑን መልሳ ወሰደች።

እህትሽ ሰርክአዲስ
ዶሮ ማነቂያ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.